ፖምፓው ከኋላ ይሂድ

በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ፈተና፣ ስለ ዶርም ኑሮ፣ ስለ ፍቅርም ሳይቀር ሲጻፍ አንብበናል። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ ብስክሌት ልጻፍና ታገሡኝ። መቀሌ እየኖሩ ስለ ብስክሌት ዝም ማለት ባሕር ዳር እየኖሩ ጣናን እንዳላዩ መሆን ነው። ታዲያ ስለ ውድድር አይደለም፤ ስለ ሜዳሊያም አይደለም። አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ቀስ የሚል ሁለት ጓደኛሞች ረጅም መንገድ አብረው ሲወጡ ስለሚገጥማቸው ነገር ነው።

በኋላ "ወዴት ሊወስደን ነው?" እንዳትሉኝ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጉዞ የሚበላሸው የሁለት ሰዎች አነዳድ ስለተለያየ አይደለም። የሚበላሸው ስለ ልዩነታቸው አስቀድመው ስላልተነጋገሩ ነው። የዚህ ጥፋት ደግሞ እኩል አይካፈልም፤ ትልቁ ድርሻ የፈጣኑ ነው። እንዲህ ስል በሌላ ሰው ላይ እየፈረድኩ እንዳይመስላችሁ። ፈጣኑ እኔ ነበርኩ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔና ጓደኛዬ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ አሁን ደግሞ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሆነናል። ብስክሌት የለመድነው ግን ለየብቻ ነው። እኔ እሑድ እሑድ ጧት በኩሓ መንገድ የሚለማመዱትን ብስክሌተኞች ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ነው ያደግሁት። ያለችኝም መሪዋ የታጠፈ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ እኛ "ኮርሳ" የምንላት ዓይነት ናት። ከነሱ የተማርኩት ዳገት ሲመጣ ከኮርቻ ተነስቶ መርገጥ፣ ቁልቁለት ላይ ጎንበስ ማለት፣ ሰው ሲያልፈኝ ዝም አለማለት ነው። ፈጥኜ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ እንደገና እፈጥናለሁ። እንዲህ ካልሆነ ብስክሌት የነዳሁም አይመስለኝ።

እሱ ግን ብስክሌት የለመደው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ቤንዚን ከከተማው ሲጠፋ፣ ባጃጁና ታክሲው ሲቆም፣ ብዙው ሰው በእግሩና በብስክሌት ይንቀሳቀስ እንደነበር እዚህ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጓደኛዬ ያን ጊዜ በአጎቱ ከባድ ብስክሌት ለቤተሰቡም ለጎረቤትም ውኃ ያመላልስ ነበር። 20 ሊትር ጀሪካን ከኋላው ያሰረ ሰው ከኮርቻው አይነሳም፤ ከተነሳ ጀሪካኑ ይወዛወዛል፣ ብስክሌቷም ትወድቃለች። በድንገት አይፈጥንም፣ በድንገትም ፍሬን አይዝም። አንድ ዓይነት አረጋገጥ ይይዝና ከቤቱ እስኪደርስ አይለቀውም። ዛሬ ጀሪካኑ የለም፤ አነዳዱ ግን ያው ነው። ቀስ ይላል፣ አይቆምም።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። የእኔ አነዳድ ከውድድር፣ የእሱ ደግሞ ከኑሮ የመጣ ነው። ሁለቱም የራሱ ምክንያት አለው። ሰው ግን ሲያየን እኔን "ጎበዝ"፣ እሱን "ቀርፋፋ" ይለናል። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እንደዚያ ነበር የምለው።

የዛሬ ዓመት ገደማ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት "ለምን ማይጨው ደርሰን አንመለስም?" አልኩት። "እሺ፣ ግን እኔ እንዳንተ አልበርም" አለኝ። "ችግር የለም ሓወይ፣ እጠብቅሃለሁ" አልኩት። በቃ! ስለ አነዳዳችን የተነጋገርነው ይኸው ነው። ምን ስንቅ እንያዝ በሚለው ላይ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስንወያይ ሰነበትን።

ዕቃውን ስናከፋፍል ስለ ብስክሌት አውቃለሁ ባዩ እኔ ስለሆንኩ ፖምፓው፣ ያችኑ ጎማ መንፊያ ማለቴ ነው፣ መለጠፊያውና ማስቲሹ በእኔ ቦርሳ ገቡ። የእሱ ብስክሌት ከኋላ መጫኛ ስላላት ብርድ ልብሱና እናቱ የጋገሩልን ሕምባሻ በእሷ ላይ ታሰሩ። ማንም ሰው ቢያየው ትክክለኛ ክፍፍል ይመስላል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። ስህተቱ የገባኝ ማታ ነው።

መንገዱን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ከመቀሌ ማይጨው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ስለዚህ ገና ስንነሳ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ኩሓን፣ ዓዲ ጉዶምን፣ ሒዋነንና ዓዲ ሽሑን አልፎ አምባ አላጌ ይመጣል። የተራራው ጫፍ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው፤ አስፋልቱ ጫፉን ባይነካም እየተጠማዘዘ ትከሻው ላይ ይወጣል። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በፊት የጣሊያን ጦር የተመታው፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው እዚሁ አላጌ ላይ ነው። ጣሊያኖቹ ቢሄዱም የብስክሌቱ ቋንቋ ግን እዚህ ቀርቷል፤ ካላማዳሪያው፣ ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ቸርኬው፣ ፖምፓውም ጭምር ከነሱ የወረስናቸው ቃላት ናቸው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። የኩሓን ዳገት ጨርሼ ጠበቅሁት። ዓዲ ጉዶም ቀድሜ ደርሼ ጠበቅሁት። ሒዋነም እንዲሁ። በየደረስኩበት ውኃ እጠጣለሁ፣ እግሬን እዘረጋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። እሱ ብቅ ሲል "ደረስክ? በል እንሂድ!" ብዬ ብድግ እላለሁ። በእኔ ቤት መልካም ሥራ መሥራቴ ነው፤ እየጠበቅሁት ነዋ! አሁን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን እስከ ሒዋነ ድረስ እኔ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ። እሱ አንድ ጊዜም አላረፈም። እኔ የማርፈው እሱ እስኪመጣ ነው፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ ዕረፍቱ ያልቃል። የበለጠ የደከመው ሰው ትንሽ አረፈ፣ ትንሽ የደከመው ብዙ አረፈ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት መጠበቅ፣ መጠበቅ ነው እንዴ?

ሒዋነ ላይ ፊቱን አየሁት። "ደከመህ እንዴ?" አልኩት። "የለም፣ ደህና ነኝ" አለኝ። እውነት አልነበረም። እኔም እውነት እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር። ይሉኝታ ያዘንና ሁለታችንም አለፍነው። እሱ "ሸክም ሆነብኝ እንዳይለኝ" ብሎ ዝም አለ፤ እኔ ደግሞ "ቅር እንዳይለው" ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነጋገርንም።

የአላጌን ዳገት ብቻዬን ወጣሁት። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ መንገዱ ወደ ማይጨው ማዘንበል ከሚጀምርበት ደረስኩ። ነፋሱ ከባድ ነው፤ ላቤ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። ብርድ ልብሱ እሱ ጋ ነው። 40 ደቂቃ ጠበቅሁና መንቀጥቀጥ ስጀምር "ማይጨው ወርጄ ልጠብቀው፤ ያው እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ይደርሳል" ብዬ ቁልቁለቱን ለቀቅሁት። 8 ሰዓት ላይ ማይጨው ነበርኩ። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ በላሁ፣ ሻይ ጠጣሁ። 9 ሰዓት ሆነ። 10 ሰዓት ሆነ። ስልኩ አይሠራም። አሁንም "ቀስ ብሎ ነው" አልኩ። 11 ሰዓት ሲሆን ግን ሆዴን ፈራኝ። ብስክሌቴን ይዤ ወደ ኋላ ልመለስ ብል ዳገት ነው፣ ሊመሽ ነው፣ መብራትም የለኝም። መንገድ ዳር ቆሜ ከመቀሌ በኩል የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ "ብስክሌት የያዘ ልጅ አላያችሁም?" እያልኩ ስጠይቅ አመሸሁ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ የጭነት አይሱዙ ቆመ። ጓደኛዬ ከብስክሌቱ ጋር ከላይ ነበር። እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ ስጠብቀው እሱ ከታች ጠመዝማዛው ላይ ነበር፤ የኋላ ጎማው ተንፍሷል። ፖምፓው እኔ ጋ ነው። መለጠፊያው እኔ ጋ ነው። ይመለሳል ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀኝ። ከዚያ ብስክሌቷን እየገፋ ዳገቱን በእግሩ ወጣ፤ የአካባቢው ልጆች ተራ በተራ እየገፉ አገዙት። ጫፍ ሲደርስ እዚያም የለሁም። ቁልቁለቱን ሲጀምር ጨለመ። አይሱዙው ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ይቆጣኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣም። የታሰረውን ፈታና "ራበህ?" አለኝ። ሕምባሻው አልተቆረሰም፤ እንደተጋገረ ነው።

"ለምን አልበላህም?" አልኩት።

"የሁለታችን ነው ብዬ" አለኝ።

ሽሮ መብላቴን አልነገርኩትም። ይኸው ዛሬ እዚህ ያነበዋል።

እንግዲህ ከዚህ ተነስቼ ነው የምከራከረው። አንደኛው ነጥቤ ይሄ ነው፦ የፈጣኑና የቀስታኛው ኪሳራ እኩል አይደለም። እኔ የእሱን ፍጥነት ይዤ ብሄድ የማጣው ጊዜ ነው፤ ቢበዛ ትንሽ ይበርደኛል፣ ትንሽ ይሰለቸኛል። እሱ ግን የእኔን ፍጥነት ይዤ ልሂድ ቢል የሚያጣው ጉልበቱን ነው። ሰውነት ከአቅሙ ትንሽ በላይ ሲሠራ ድካሙ በትንሹ አይጨምርም፤ ዳገት ላይ ጥቂት ደቂቃ ከልክ በላይ መርገጥ የቀረውን ቀን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንዱ የሚከፍለው በሰዓት ነው፣ ሌላው በሰውነቱ። ምርጫ ያለው ደግሞ ፈጣኑ ብቻ ነው። እኔ መዝለግም መፍጠንም እችላለሁ፤ እሱ መፍጠን አይችልም። መምረጥ የሚችል ሰው ነው ኃላፊነት የሚወስደው።

ሁለተኛው ነጥቤ የበለጠ ያስደነገጠኝ ነው። አንድን ሰው "ቀርፋፋ" ብለህ አንዴ ከፈረጅከው መዘግየቱ ምንም አይነግርህም። እኔ ማይጨው ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያልደነገጥኩት ለምንድን ነው? ለመዘግየቱ ምክንያት አስቀድሜ ስለነበረኝ ነው። ሌላ ፈጣን ጓደኛ ቢሆን ኖሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ "አንድ ነገር ሆኗል" ብዬ እነሳ ነበር። የሰጠሁት ስም አደጋውን ሸፈነብኝ። የት እንደምንገናኝና በስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ ግን መዘግየት መዘግየት ይሆን ነበር፤ ምልክት ይሆን ነበር።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ከሄዱ የደረሱት የኋለኛው ሲደርስ ነው። እኔ 8 ሰዓት ላይ ማይጨው ገባሁ ብዬ ልፎክር እችላለሁ። እንደ ጉዞ ግን የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። 14 ሰዓት! የእኔ ፍጥነት ለጉዞው ምንም አልጨመረለትም።

አሁን ተቃውሞው ይምጣ። አንዳንዱ "ታዲያ ፈጣኑ ሁልጊዜ ከቀስታኛው ጎን ይንፏቀቅ ነው የምትለው?" ይለኛል። አይደለም። ለፈጣን ነጂ ዳገት ላይ ከለመደው አረጋገጥ በታች ወርዶ መሄድ ራሱ ያደክማል፤ ይህን የሞከረው ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቅም የለውም። ለምን ብትሉ፣ ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ አብዛኛው ትግል ከነፋስ ጋር ነው። ከፊት ሰው ካለና ጎማ ለጎማ ተጠግተህ ከሄድክ ከጉልበትህ ሩብ፣ አንዳንዴም ሢሶ ድረስ ይተርፍልሃል። ገደል በሚያህል ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ስትሳብ ግን ነፋሱ እምብዛም ነው፤ ያን ጊዜ የምትታገለው ከክብደትህ ጋር ነው። ስለዚህ ፈጣኑ በእውነት የሚጠቅመው ሜዳ ላይ፣ በተለይ ነፋስ ከፊት ሲመጣ፣ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ሲከላከል ነው። ዳገት ላይ እያንዳንዱ በአቅሙ ይውጣ። እኔ ግን የሠራሁት ተቃራኒውን ነው፤ ሜዳው ላይ ጥዬው በረርኩ፣ ዳገቱ ላይም ጥዬው ወጣሁ።

ሌላው ደግሞ "ካልተመጣጠናችሁ ለየብቻ አትሄዱም እንዴ?" ይላል። ይቻላል፤ ብዙ ሰው ብቻውን ይጓዛል፣ ነውርም የለውም። ግን አባቶቻችን "ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም" ያሉት ለምስጋና አይመስለኝም። ደግሞም ፍጹም የሚመጣጠን ጓደኛ ከየት ይገኛል? ዛሬ ቢመጣጠን ነገ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፣ የአንዱ ማርሽ ይበላሻል። ልዩነት የማይቀር ነገር ነው። የሚያስፈልገው ከልዩነት ጋር የመጓዝ ብልሃት ነው።

ይህ ብልሃት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚሁ ከትግራይ የወጣውን ጽጋቡ ግርማይን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ተሰልፎ ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንዲህ ባለ ትልቅ ውድድር ላይ የአብዛኛው ብስክሌተኛ ሥራ ራሱ ማሸነፍ አይደለም። ለቡድኑ መሪ ነፋስ ይከላከላል፣ ከመኪናው ውኃ ያመላልሳል፣ ካስፈለገም የራሱን ጎማ አውልቆ ይሰጣል። በዓለም ፈጣን የሚባሉት ሰዎች ኑሯቸው ሌላውን መጠበቅ ነው ማለት ነው! እኛ እሑድ እሑድ እነሱን ስንመስል ፍጥነታቸውን ወስደን ሥራቸውን ትተነዋል።

ከውድድር ወጥተን ወደ ረጅም ጉዞ ስንመጣም ያው ነው። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) የተጀመረው "ቱር ዳፍሪክ" የሚባለው ጉዞ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ድረስ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ወር ያህል ይፈጃል፤ ለዓመታትም በጎንደርና በባሕር ዳር በኩል አገራችንን አቋርጦ ሲያልፍ ኖሯል። እዚያ ውስጥ ሰዓት እያስያዘ የሚወዳደርም አለ፣ አገር እያየ የሚሄድም አለ። ታዲያ እንዴት አንድ ላይ አራት ወር ይዘልቃሉ? ቀን ላይ የሚገናኙበት የምሳ ቦታ አለ፤ ማታም ሁሉም የሚያድረው አንድ ሰፈር ነው። በመሃል እንደ ፍላጎትህ ንዳ፤ መገናኛው ግን የታወቀ ነው። እንዲህ በተደራጁ ጉዞዎች ደግሞ ከሁሉም ኋላ የሚነዳ፣ መጠገኛ ዕቃ የያዘ ሰው መመደብ የተለመደ ነው። ልብ በሉ፣ መጠገኛው ከኋላ ነው! የተበላሸበት ሰው ከፊት ወዳለው ዕቃ መድረስ አይችልም፤ ከኋላ ያለው ዕቃ ግን ራሱ ወደሱ ይመጣል። እኔ ይህን ቀላል ነገር ለመረዳት አንድ አላጌ አስፈለገኝ።

ሩቅ ሳንሄድ የመቀሌን የጨው ነጋዴዎችም ማሰብ ይቻላል። ከአፋር የጨው ሜዳ በበራህሌ በኩል አሞሌ ጭነው ወደ ከተማችን ይመጡ የነበሩት ግመሎች አንዱ ከሌላው ኋላ በገመድ ታስረው ነው የሚጓዙት። አንዱ ግመል ብርቱ ስለሆነ ብቻውን ቀድሞ መቀሌ አይገባም። እኛ ገመድ የለንም፤ ስለዚህ ገመዱ ቃላችን መሆን አለበት።

በማግስቱ ማይጨው ላይ ጎማውን ለጥፈን ስንጨርስ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እሱም ጥፋቱን አመነ፤ "ሒዋነ ላይ ደህና ነኝ ያልኩህ ውሸቴን ነው" አለኝ። በእርግጥ ቀስ የሚለውም ግዴታ አለበት፤ ሲደክመው ደከመኝ ማለት አለበት። ይሉኝታ አስፋልት ላይ ሰው ይገድላል። ግን አስቡት፤ ደክሞት የደረሰን ሰው "በል እንሂድ!" ብሎ የሚቀበል ጓደኛ ካለ ማን ነው ደፍሮ ደከመኝ የሚለው? ስለዚህ እዚህም ላይ ቀድሞ በሩን መክፈት ያለበት ፈጣኑ ነው።

ከዚያ የተስማማንባቸውን እነሆ፤ ለሚጠቀምባቸው ሰው ይጥቀሙ።

አንደኛ፣ መገናኛ ቦታዎች ከመነሳት በፊት በስም ይታወቁ፤ ሰዓትም ይቆረጥላቸው። ከተቆረጠው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ካለፈ የቀደመው ወደ ኋላ ይመለስ፤ "ቀስ ብሎ ነው" የሚል ሰበብ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ዕረፍት የሚጀመረው የኋለኛው ከደረሰ በኋላ ነው። የቀደመው እስከዚያ ያረፈው ትርፉ ነው፤ አይቆጠርም።

ሦስተኛ፣ ፖምፓውና መለጠፊያው ከኋላ በሚሄደው ዘንድ ይሁኑ። ምግብ፣ ውኃና የብርድ ልብስ ግን በሁለቱም ይከፈል።

አራተኛ፣ ሜዳና ነፋስ ላይ ፈጣኑ ከፊት ሆኖ ይከላከል፤ ወደ ኋላም እያየ ይሂድ። ዳገት ላይ ሁሉም በአቅሙ ይውጣ።

አምስተኛ፣ ጫፍ ላይ ሳይገናኙ ቁልቁለት አይጀመርም። ቁልቁለት በአንድ ሰዓት ይወርዱታል፤ ለመመለስ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በዚህ ደንብ ወደ መቀሌ ተመለስን። ያው አላጌ ነው፣ ያው ነፋስ ነው፣ ያው ሁለት ሰዎች። ጫፉ ላይ ጠበቅሁት፤ ብርድ ልብሱ አሁን በእኔ ቦርሳ ስለነበር አልበረደኝም። ሲደርስ ተቀመጠ፣ ውኃ ጠጣ፣ ከሕምባሻው የተረፈውን ቆረስን፤ "እንሂድ" ያለው እሱ ነው። ከሒዋነ ወዲህ በሜዳው ከፊት ሆኜ ነፋሱን ያዝኩለት። ለካስ ያ አንድ ዓይነት አረጋገጡ ለእኔም ይጠቅማል! እኔ እየፈጠንኩና እየቆምኩ ስዝል እሱ እንደ ጧቱ ነበር። ኩሓ አካባቢ እግሬ ሲከዳኝ ከፊት የሄደው እሱ ሆነ። 9 ሰዓት ተኩል በፈጀ ጉዞ አብረን መቀሌ ገባን። ሁለታችንም።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ነገር። እኛ ክፍል ውስጥ የግሩፕ አሳይመንት ሲሰጥ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ፈጣኑ ተማሪ ብቻውን ሠርቶ ይጨርስና "ስማችሁን አስገብቻለሁ" ይላል። ቀስ የሚለው "ደህና፣ ገብቶኛል" ብሎ ዝም ይላል። ፈተና ሲመጣ ደግሞ አንዱ ማይጨው፣ አንዱ አላጌ ሥር ይገኛል። መጠገኛው፣ ማለትም ማስታወሻውና ማብራሪያው፣ ያለው ከፊት ከሮጠው ጋ ነው። ይህን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

እኔና ጓደኛዬ አሁን ወደ ዓዲግራት እያሰብን ነው፤ በውቅሮ፣ በነጋሽ፣ በፍረወይኒና በእዳጋ ሓሙስ በኩል። ሌላውም መንገደኛ ቢሆን ከመነሳቱ በፊት ጎማውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ይፈትሽ እላለሁ። ስለ ስንቃችን ገና አልተነጋገርንም። መገናኛ ቦታዎቹን ግን ጽፈን ጨርሰናል፤ ፖምፓውም እሱ ጋ ነው።

መልካም መንገድ፣ ቸር እንሰንብት!